ብረቱ ላይ የተጻፈው፦ ውጅግራ፣ ቬተርሊ እና «ይተኮሳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራን ጠመንጃ «ጥንታዊ» ይለዋል፤ ከ«ጦር መሣሪያ» ትርጉምም ያወጣዋል። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ዓመት ሲመርጡ ኢትዮጵያን አላሰቡም። እኛ ግን ቁጥሩን ስናነብ ሌላ ነገር ትዝ ይለናል። የአድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። እንግዲህ በዚያ ቀን የተተኮሰ ማንኛውም ጠመንጃ በፌዴራሉ ሕግ ዓይን ሲታይ የዘመን ዕቃ እንጂ ጠመንጃ አይደለም። ሕጉ መሣሪያነቱን ሲነፍገው እኛ ደግሞ ከመሣሪያ በላይ እናደርገዋለን፤ የአያት ቅርስ፣ የድል ምስክር፣ ሳሎን ውስጥ የሚሰቀል ታሪክ።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ በብዛት ታይተዋል። አቧራ የለበሱ፣ ሰደፋቸው በሽቦ የታሰረ፣ ብረታቸው በዝገት የነተበ የፈረንሳይ፣ የጣሊያን፣ የቤልጅግና የአሜሪካ ሥራዎች ናቸው። ገዢዎቹ በአብዛኛው አሜሪካውያን ሰብሳቢዎች ቢሆኑም ከእኛም ሰው የገዛ፣ ለመግዛት ያሰበ ወይም ከዘመድ የወረሰ አለ። የሁሉም ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛው «የአድዋ ነው ወይ?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ይተኮሳል ወይ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው የታሪክ፣ ሁለተኛው የቴክኒክ ጥያቄ ይመስላሉ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ጥያቄዎቹ የሚነጣጠሉ አይደሉም የሚል ነው። ጠመንጃው ምን እንደሆነና ምን እንዳለፈበት ያላወቀ ሰው ጣቱን ምላጩ ላይ ማድረግ የለበትም።

ከስሙ እንነሳ። ቋንቋችን እነዚህን ብረቶች ሲቀበል የመጡበትን ታሪክ በስማቸው ውስጥ አስቀርቶታል። «ውጅግራ» የፈረንሳይኛው «ፊዚ ግራ» ነው። ፊዚ ጠመንጃ ማለት ነው፤ ግራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የተቀበለውን ጠመንጃ የነደፈው መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው። «ሰናድር» አሜሪካዊው ፈልሳፊ ጄከብ ስናይደር ነው፤ በስሙ የተጠራው የእንግሊዞች ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ይዞት የመጣው ነው። «ምንሽር» ማንሊከር፣ «አልቤን» አልቢኒ፣ «ቤልጅግ» ደግሞ ያው የአገሩ ስም ነው። ፈረንሳዊው መኮንንና አሜሪካዊው ፈልሳፊ አንድም ቀን ሳያዩት በገጠር ፉከራና ቀረርቶ ውስጥ እየተጠሩ ኖሩ። ይህ ለቋንቋ ተማሪ ደስ የሚል ነገር ቢሆንም ለተኳሽ አይበቃም። ስም ከአንዱ ጠመንጃ ወደሚመስለው ሌላ ጠመንጃ በቀላሉ ይሻገራል። አያታችን ውጅግራ ያሉት ሁሉ ውጅግራ ላይሆን ይችላል።

የመጡባቸው መንገዶችም ብዙ ናቸው። አንደኛው መንገድ ምርኮ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ፣ በመጋቢት 1876 ደግሞ ጉራ ላይ የአፄ ዮሐንስ ጦር የግብፅን ሠራዊት ሲያሸንፍ የግብፅ ወታደር ይዞት የነበረው አሜሪካ የተሠራ ሬሚንግተን ነበር። ሁለተኛው ንግድ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን ሰው እናገኛለን። ገጣሚው አርቱር ረምቦ ግጥምን ከተወ ከዓመታት በኋላ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ደረሰ። ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ዕቃው ምን እንደሆነ አልደበቀም። አውሮፓ ከአርባ ዓመት በፊት የጣለችው፣ ሊየዥ ከተማ በአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ሰባትና ስምንት ፍራንክ የሚያወጣ፣ ለሸዋው ንጉሥ ግን በአርባ ፍራንክ ገደማ የሚሸጥ ጠመንጃ ነበር። ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዙ በኩል የሚጠቀጠቅበት ዓይነት ነው። ምኒልክ ግን የገበያውን ነገር ያውቁ ነበርና ረምቦ ያሰበውን ያህል ሳያተርፍ፣ የሞተውን ሸሪኩን ዕዳ እየከፈለ ተመለሰ።

ሦስተኛው መንገድ ዲፕሎማሲ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1887 ከምኒልክ ጋር በተዋዋለችው የገለልተኝነት ስምምነት 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት ተስማማች። ከውጫሌ ውል በኋላም መሣሪያው መግባቱን አላቋረጠም። በመጨረሻ አድዋ ላይ ሁለቱም ወገን አንዱ ለሌላው በሸጠው ወይም በሰጠው መሣሪያ ጭምር ተታኮሰ። ጣሊያን አዲሱን የ1891 ካርካኖ በእጇ ይዛ ሳለ በአፍሪካ ያለው ጦሯ በአብዛኛው አሮጌውን ቬተርሊ-ቪታሊ ታጥቆ ነበር። ከድሉ በኋላ የተማረከው ወደ 11,000 የሚጠጋ ጠመንጃ የኢትዮጵያ ሆነ።

እንግዲህ አንድ ጠመንጃ በእጃችን ቢገባ ይህን ሁሉ ከምኑ ላይ እናነባለን? ብረቱ ላይ የተጻፈ አለ። በውጅግራ ጎን ላይ ሞዴሉና የፋብሪካው ስም በፈረንሳይኛ የእጅ ጽሕፈት ዓይነት ፊደል ተቀርጾ ይገኛል፤ ሴንት ኤትየን፣ ሻተለሮ ወይም ቱል ይላል። አንዳንዱ በኦስትሪያዋ ሽታየር ከተማ ስለተሠራ የእሷን ስም ይዟል። ከሞዴሉ ቁጥር አጠገብ «ኤም 80» የሚል ካለ እ.ኤ.አ. በ1880 የተሻሻለ ነው ማለት ነው። የማሻሻያው ሥራ ቀለህ ሲቀደድ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይገርፍ ማስተንፈሻ ቦይ መቁረጥ ነበር። ይህች ትንሽ ምልክት የምትነግረን ነገር አለ፤ ጠመንጃው አዲስ በነበረበት ዘመን እንኳ የተኳሹን ዓይን የሚያሰጋ ጉድለት ነበረበት።

በቬተርሊ ላይ ጽሑፉ ያለው አፈሙዙ ከመዝጊያው ጋር በሚገናኝበት ጠፍጣፋ ቦታ ነው። ቶሪኖ፣ ብሬሻ፣ ቴርኒ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ የሚል የፋብሪካ ስም ከዓመተ ምሕረት ጋር ይገኛል። ሬሚንግተን የፋብሪካውን ስምና የፓተንት ቀኖቹን ከኋላ በኩል ባለው የብረት ምላስ ላይ ይይዛል፤ በግብፅ በኩል ያለፈ ከሆነ የዐረብኛ ምልክት ሊገኝበት ይችላል። በኋላ ዘመን ከቤልጅግ የተገዛው ማውዘር ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ከላዩ አለበት። ያ ጠመንጃ የአድዋ ዘመን ሳይሆን የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ብቻ የሚያሳስት ወጥመድ አለ። አንድ ቬተርሊ ላይ «1888» ተብሎ ተቀርጾ ብናይ ልባችን ይዘላል፤ የአድዋ ዓመት ነዋ። ነገር ግን ቶሪኖ ያለው ቀራጭ የሚቆጥረው በራሱ አቆጣጠር ነው። በእኛ ቢሰላ 1880 ወይም 1881 ዓ.ም. ይሆናል። ጠመንጃው ለአድዋ ሊደርስ ይችላል፤ ዓመቱ ግን ስለ አድዋ የሚናገረው ነገር የለም። የተቀረጸው ዘመን መቼ እንደተሠራ እንጂ የት እንደዋለ አይናገርም። ሻጭ «የአድዋ ጠመንጃ» ብሎ ዋጋ ሲጨምር ይህን ልዩነት ማስታወስ ገንዘብ ያድናል።

ሌላው ወጥመድ ግን ከገንዘብ አልፎ ሕይወትን ይነካል። አንድ ጠመንጃ በተወለደበት መልክ አይቆይም። የቬተርሊን ዕድሜ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1870 ጣሊያን ስትቀበለው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ 10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት ያለው፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበር። በ1887 የቪታሊ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተጨመረለት። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ጣሊያን ጠመንጃ ሲያጥራት ደግሞ ከ1915 ጀምሮ ብዙዎቹ እንደገና ተለወጡ። በሰፊው አፈሙዝ ውስጥ ጠባብ ቱቦ ገብቶላቸው የካርካኖን 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲጎርሱ ተደረጉ። ውጪው ላይ ያለው ዓመት ግን አልተፋቀም። ስለዚህ «1882» የሚል ጽሑፍ የያዘ ቬተርሊ በውስጡ የ1915 ሥራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጠመንጃ በዚያ መልኩ አድዋን አላየም።

አደጋው ያለው እዚህ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ እስኪያገኝ ድረስ የዓለም ጠመንጃ ሁሉ የሚሠራው በጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ብዙ ጭስ፣ ብዙ ጥላሸት፣ አነስተኛ ግፊት አለው። ጭስ አልባው ጭሱ ጥቂት፣ ግፊቱ ግን በእጅጉ የበለጠ ነው። የቬተርሊ መዝጊያ ብረት የተሠራው ለመጀመሪያው ነው፤ የሚይዙት ሁለት ጥርሶችም ከጥይቱ ርቀው ከኋላ በኩል ናቸው። የውጅግራማ ከዚያ ይብሳል፤ መዝጊያውን የሚይዘው የመክፈቻ እጀታው ሥር ያለ አንድ ብረት ብቻ ነው። በጦርነት ጭንቅ የተለወጠው ቬተርሊ 6.5 ጥይት ይጎርሳል፤ ይገባል፣ ይዘጋል፣ ይተኩስም ይሆናል። ግን ጥይት መግባቱ መተኮስ እንዳለበት አያሳይም። የአገር ሕልውና ባስገደደበት ዘመን የተደረገን ነገር ዛሬ በቅዳሜ መዝናኛ መድገም ሌላ ነገር ነው። በዚህ ጠመንጃ ላይ ጥንቁቅ ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር ግልጽ ነው፤ በፋብሪካ የተሠራውን ሙሉ ኃይል ያለው 6.5 ጥይት አትተኩሱበት።

ቁጥሮችም ያታልላሉ። «11 ሚሊ ሜትር» የሚባል ጥይት ብዙ ነው። የውጅግራው ቀለህ 59 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የግብፅ ሬሚንግተን ቀለህ ወፍራምና አጭር ሲሆን ርዝመቱ 50 ነው፤ የጀርመኑ የ1871 ማውዘር ደግሞ 60 ነው። ሦስቱም በጨዋታ «አሥራ አንድ» ይባላሉ፤ አንዱ ግን ለሌላው አይሆንም።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይደረባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ሰው በግ ገዝቶ በጥይት ይከፍላል። ባዶው ቀለህም አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ እንደገና እየተሞላ ይተኮሳል። ይህ የሰው ብልሃት ለታሪክ ተመራማሪ ግሩም ማስረጃ ሲሆን ለዛሬ ተኳሽ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። አንድ ውጅግራ በዕድሜው ውስጥ መጠኑ ባልተመዘነ ባሩድና ልኩ ባልሆነ ጥይት ስንት ጊዜ ተተኩሶ እንደሆነ በላዩ አልተጻፈም። መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ ተወስዶ የተገጠመ ሊሆን ይችላል። በመዝጊያውና በአካሉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ ይህ ጥርጣሬ ይጠነክራል።

«ይተኮሳል ወይ?» ለሚለው እንግዲህ በቅደም ተከተል እንመልስ። በመጀመሪያ፣ ጠመንጃው ጎርሶ እንደሆነ ይታይ። መቶ ዓመት ያለፈው ብረት ባዶ ነው ብሎ ማመን የቆየ ስሕተት ነው፤ በተለይ ረምቦ ያመጣው ዓይነት በአፈሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ በውስጡ ባሩድ እንዳለ ለትውልድ ሊተላለፍ ይችላል። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ ከቶ፣ የገባውን ርዝመት በውጪ ከአፈሙዙ ርዝመት ጋር ማስተያየት ነው። ዘንጉ ቀድሞ ከቆመ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ ያኔ ራስን ከፊቱ አርቆ ባለሙያ መጥራት እንጂ መቆስቆስ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ጽሑፎቹ ሁሉ ፎቶ ይነሡ፤ ሞዴሉ በእርግጠኝነት ይለይ። ሦስተኛ፣ ጠመንጃው ወደ ጠመንጃ ሠሪ ይወሰድ፤ ግን የዘመኑን ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን የጥቁር ባሩድ ዘመን ሥራ የሚያውቅ መሆን አለበት። እሱ ጥይት በሚገባበት ክፍል ውስጥ በትንሽ ሙቀት የሚቀልጥ ቅይጥ ብረት አፍስሶ፣ ሲረጋ አውጥቶ ይለካዋል፤ በአፈሙዙ ውስጥም ለስላሳ እርሳስ አሳልፎ የውስጡን ስፋት ያውቃል። በሁለቱ ልክ ጠመንጃው ዛሬ የሚጎርሰው ጥይት ፋብሪካው ከጻፈው ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጣል። መዝጊያው ሲዘጋ ከጥይቱ ጀርባ የሚተርፈው ክፍተትም ይለካል፤ ክፍተቱ ሲበዛ ቀለህ ይቀደዳል፣ ጋዙም ወደ ኋላ ይመጣል። የመምቻው መርፌ ታጥፎ ወይም ዝጎ አለመጣበቁ፣ የመዝጊያው ጥርስና የሬሚንግተኑ ወፍራም ዘንጎች አለመሰንጠቃቸው፣ ሰደፉ በአንገቱ አለመሰበሩ ይታያል።

አራተኛ፣ ይህን ሁሉ ካለፈ የሚተኮሰው በጥቁር ባሩድና በለስላሳ እርሳስ ብቻ ነው። በውጅግራው የመጀመሪያ ጥይት ውስጥ የነበረው 5.25 ግራም ባሩድና 25 ግራም እርሳስ ነበር፤ መቶ ሃምሳ ዓመት ለሞላው ብረት ግን ባለሙያው ከዚያ አሳንሶ ቢጀምር ይመረጣል። ከጠመንጃው ጋር የተገኘ አሮጌ ጥይት ለመስታወት ሣጥን እንጂ ለመተኮስ አይሆንም። አምስተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ከትከሻ አይተኮሱም። ጠመንጃው በጠንካራ ማስቀመጫ ላይ ይታሰራል፤ ምላጩ በረጅም ገመድ ከከለላ ጀርባ ሆኖ ይሳባል። ከዚያ ቀለሁ ይታያል፤ ካበጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይም መቀጣጠያው ከተበሳ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በደህና ካለፈ ደግሞ የዓይንና የጆሮ መከላከያ አድርጎ፣ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ብቻ። በመጨረሻም አፈሙዙ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ዘይት ይቀባል፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስቦ ብረትን በፍጥነት ይበላልና።

ሕጉም እንደየአገሩ ነው። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ነጻ ያደረገውን አንዳንድ ክፍለ ሀገር ሊገድበው ይችላል። በእንግሊዝ ደግሞ «ጥንታዊ» የሚባለው በተሠራበት ዘመን ብቻ ሳይሆን በጥይቱ ዓይነትም ነው፤ በዚያ አገር ነጻነቱ ለጌጥና ለማስታወሻ የተያዘን እንጂ ለመተኮስ የታሰበን አይመለከትም።

የብዙዎቹ ጠመንጃዎች ፈተና ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያበቃል። መልሱ «አይተኮስም» ይሆናል። ይህ ግን ኪሳራ አይደለም፤ ጠመንጃውን ለማወቅ ሲባል የተደረገው ሁሉ ታሪክ ነው። አሳዛኙ ነገር ሌላ ነው። ብዙ ሰው ጠመንጃውን ገዝቶ በመጀመሪያው ሳምንት በአሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ሰደፉን ቫርኒሽ ይቀባዋል፣ ብረቱን እንደ መስታወት ያብለጨልጨዋል። በሰደፉ ላይ በቢላ የተቀረጸ መስቀል፣ የባለቤት ፊደል፣ ስንጥቁን የያዘች የጠፍር ማሰሪያ ካለ አብሮ ይሄዳል። ጠፍሯ የአንድ ኢትዮጵያዊ እጅ ሥራ ናት፤ ከቶሪኖ ከመጣው ማኅተም ይልቅ የእኛ ታሪክ እሷ ናት። ዝገት በቀጭን ዘይትና በጨርቅ ይያዛል፤ የቀረውን መተው ነው።

«የአድዋ ነው ወይ?» ወደሚለው እንመለስ። በወረቀት ካልተደገፈ በቀር ለአንድ ጠመንጃ «አዎ፣ በዚያ ቀን እዚያ ነበር» ማለት አይቻልም። ጥያቄው ራሱ ደግሞ ጠመንጃውን ያጠብበዋል። ከአድዋ የተረፈ ውጅግራ ወደ ቤቱ አልገባም፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ሌላ ሥራ ነበረው። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ከነፍጥ፣ ከዚሁ ብረት የመጣ ነው፤ ብረቱ በደቡብ ከመሬትና ከገባር ሥርዓት ጋር እንዴት እንደተያያዘ ቃሉ እስከ ዛሬ በሚያስነሣው ክርክር ይታወቃል። ያው ዓይነት ጠመንጃ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ወርዷል፤ በአርበኛው እጅ አምስት ዓመት በዱር ቆይቷል። ለአንዱ ቤተሰብ ኩራት የሆነው ለሌላው የተቀማ መሬት ትዝታ ነው። አንድ ጠመንጃ ግድግዳችን ላይ ስንሰቅል ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጠን ሌላውን ማውረድ አንችልም።

ስለዚህ ጠመንጃ የገዛ ወይም የወረሰ ሰው ከጥይት በፊት ደብተር ይግዛ። የፋብሪካውን ስም፣ ዓመቱን በራሱ አቆጣጠር፣ ቁጥሮቹን ሁሉ፣ ከማን እንደገዛው፣ ሻጩ ከየት እንዳመጣው፣ የወረሰም ከሆነ የቤተሰቡ ሽማግሌ የሚለውን ቃል በቃል ይጻፍ፤ «አያቴ ውጅግራ ይሉት ነበር» የሚለውንም ጭምር። ጠመንጃዎቹ ከመጋዘን ሲወጡ ዝርዝራቸው ከእያንዳንዱ ጋር አብሮ አልመጣም። ዛሬ በኦሃዮና በቴክሳስ፣ በየቤቱ ምድር ቤት ተበትነው ያሉ ቁጥሮች አንድ ቀን በአንድ ገጽ ላይ ቢሰበሰቡ፣ የትኛው ጠመንጃ በየትኛው መንገድ እንደመጣ ዛሬ ከምናውቀው የበለጠ ማወቅ ይቻላል።